ሻይዋን ያልጨረሰችው

በሠፈራችን «ባለሻንጣዋ» የምትባል ሴት አለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፣ እኔም ረስቼዋለሁ። በየጠዋቱ ቡናማ ሻንጣ ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች። የሻንጣው አንዱ መቆለፊያ ስለተሰበረ በወንድ ቀበቶ ታስሯል። ስለዚያ ቀበቶ ያልተወራ የለም። አንዷ ጥሏት የሄደ ባል ነው አለች፣ ሌላዋ የሞተ ወንድም ነው አለች። አንድ ቀን ራሷን ስጠይቃት «ሰልባጅ ተራ የገዛሁት ነው» አለችኝ። ይህ እውነት ለማንም ስለማይጠቅም ለራሴ ያዝኩት።

«መንገድ ነው?» ይሏታል ጎረቤቶች።

«መንገድ ነው።»

«በሰላም ግቢ።»

«አሜን።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ተሰናብታ በየቀኑ ተመልሳለች። ቢሆንም ሻንጣ የያዘች ሴት ያየ ሰው ተመላሽ ናት ብሎ አያስብም፤ ሠፈሩ በሆዱ ከሸኛት ቆይቷል።

ሻንጣው ውስጥ ያለውን እኔ አይቻለሁ። አንድ አረንጓዴ ሹራብ፣ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ አንደኛው መስታወቱ የወለቀ መነጽር፣ አንድ ብርጭቆ፣ ሻይ የያዘ ፔርሙዝ፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ የታጠፈ ወፍራም መጽሐፍ፣ እንደ ወቅቱም አንድ ብርቱካን። የቀረው ካሜራ ነው።

ሥራዋ ባዶ ቤት ፎቶ ማንሳት ነው። ማዕዘኑ ላይ ቢሮ ያለው ደላላ የሚከራይ ክፍል ሲያገኝ አድራሻውን በቁራጭ ወረቀት ይሰጣታል፤ እሷ ሄዳ ታነሳለች፤ እሱ አጥቦ መስኮቱ ላይ ይለጥፋል፣ በስልክም ይበትናል። ቀላል ሥራ ይመስላል። ግን ባዶ ክፍል ፎቶ ላይ ክፉ ነው። አራት ግድግዳ፣ አንድ አምፖል፣ ጥግ ላይ የተረሳ መጥረጊያ። የሚያየው ሰው ገና ሳይገባበት ይከፋዋል።

በመጀመሪያው ዓመት የምታነሳቸውን ክፍሎች ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ያልፋቸው ነበር። አንድ ቀን ሞቋት ሹራቧን አወለቀችና ወንበር ላይ ጣል አደረገችው፤ እዚያው እንደረሳችው ፎቶውን አነሳች። በማግስቱ ለዚያች ክፍል ሦስት ሰው ተሻማ። ደላላው ፎቶውን አዙሮ አየ፣ አቅርቦ አየ፣ አርቆ አየ። ቤቱ ያው ቤት ነው። አዲስ ነገር ቢኖር አንድ እጅጌው ወደ መሬት የተንጠለጠለ ሹራብ ብቻ ነው።

«ስሚ እህት ዓለም» አላት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሹራብሽን በየቤቱ እርሺልኝ።»

መርሳት ሙያ ሆነላት። ሙያ ከሆነ ደግሞ ሕግ አለው። ዕቃ ከሦስት አይበልጥም፤ አራተኛው ዕቃ ውሸታም ነው ትላለች። ሹራብ ብቻውን ሹራብ ነው፤ ሹራብና መነጽር ሰው ነው፤ ሹራብና መነጽርና ሻይ አሁን ብድግ ያለ ሰው ነው። አራተኛ ከጨመርክበት ግን ሱቅ ይሆናል። ማበጠሪያ አይገባም፣ የሰው ማበጠሪያ ያየ ሁሉ ፀጉር ይፈልግበታልና። የሰው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ የማያውቃቸው ዘመዶች እያዩት መተኛት የሚፈልግ ተከራይ የለም። ሻዩ ትኩስ መሆን አለበት፣ መጠኑም ግማሽ። ሙሉ ብርጭቆ የእንግዳ ነው፣ ባዶ ብርጭቆ የሄደ ሰው ነው፣ ግማሽ ሻይ ግን የሚመለስ ሰው ነው። ግማሹን ጠጥታው እንዳይመስላችሁ። በልኩ ትቀዳዋለች፣ ፎቶው ካለቀ በኋላ መስኮት ላይ ላለ አበባ ወይም ለማጠቢያው ትሰጠዋለች። መጽሐፉንም ከመቶ አሥራ ሁለት ወዲያ አታውቀውም። እስከዚያ ድረስ ያነበበችው ደላላውን ስትጠብቅ ነው።

ፎቶዎቹ ሠሩ። አልፎ አልፎ ከመጠን በላይ ይሠሩ ነበር። አንድ መምህር ቤት ከተከራየ በሳምንቱ ደላላው ቢሮ መጣና በር ላይ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ከኔ በፊት የነበሩት ሴትዮ መነጽራቸውን አገኙት?»

«የቱን መነጽር?»

«ጠረጴዛው ላይ የነበረውን። ያለ መነጽር እንዴት እንደሚያነቡ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

ደላላው ዓይኑን በጨው ታጥቦ «አግኝተውታል፤ ሰላም ብለውሃል» አለው። መምህሩ ፊቱ በርቶ ሄደ። ደላላውም ይህን ሲያወራ አንድ ነገር ይጨምራል፤ መምህሩ በየበዓሉ ለሴትዮዋ ሰላምታ ይልካል ይላል። ያቺን ጭማሪ እኔ አላምናትም፤ ግን ስለምታምር አላወጣኋትም።

ይህን ብልሃት ከየት አመጣችው ካላችሁ ከእናቷ ቤት ነው። ዘጠኝ ሆነው በሁለት ክፍል ነው ያደጉት። ማታ ወለሉ ሁሉ መኝታ ይሆናል፤ ከመኝታዎቹ ሁሉ የሚሻለው ከመስኮቱ ሥር ያለው ነው፤ ንፋስ አለው፣ ጠዋት መጀመሪያ ፀሐይ የሚያገኘው እሱ ነው። ለዚያ ቦታ ደም ሊፋሰስ ሲል እናትየው ሕግ አወጡ፤ ከእራት በፊት ጫማውን ያኖረበት ይተኛበታል። ጫማ ያለበት ቦታ ባለቤት አለው። እሷ የሁሉ ታናሽ ነበረች፣ ጫማዋም ትንሽ ነበረች፣ ወንድሞቿም «አላየናትም» እያሉ ይተኙባት ነበር። ልቅሶው አላዋጣ አላት። ከዚያ አንድ ነገር ገባት። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ጫማ ዕቃ ነው፤ በእግር ገፋ አድርጎ ማሳለፍ ይቻላል። ግራው ትንሽ ቀደም፣ ቀኙ ትንሽ ዘወር ያለ እንደሆነ ግን እግር አሁን የወጣበት ይመስላል፤ ሰው ደግሞ ሰው ላይ ለመተኛት ያፍራል። ያን ቀን መስኮቱ ሥር ተኛች። ወንድሞቿ ምን እንደነካቸው አላወቁም።

እኔ የምኖረው ከሷ ክፍል በታች ነው፤ ጣሪያዬ ወለሏ ነው። ከጣሪያ ብዙ ይሰማል፤ ከሷ በፊት የነበሩት ባልና ሚስት ሲጣሉ ዳኛ ሆኜ አስታርቄያቸዋለሁ፣ እነሱ ሳያውቁ። የባለሻንጣዋ ጣሪያ ግን ዝም ያለ ነበር። ማታ በር ይከፈታል፣ አልጋ አንዴ ሲጥ ይላል፤ ጠዋት አልጋ አንዴ ሲጥ ይላል፣ በር ይዘጋል። በቃ።

አንድ ሰኞ ደላላው ወረቀቱን ሰጣት። ከፍታ አነበበች። «ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ የብረት በር፣ ከደረጃው በላይ በስተግራ።»

ያ የሷ ክፍል ነው፤ ደላላው የት እንደምትኖር አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«ቁልፉስ?» አለች፣ ወረቀቱን እያጠፈች።

«ያለችበት ሴት ትከፍትልሻለች። ካገኘሻት ማለቴ ነው። የቤቱ ባለቤት ልጅ ወረቀት በር ሥር ከትቼላታለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ትለቃለች ብሏል።»

«ለምን አስወጧት?»

«አንቺን ምን አገባሽ? ሹራብሽን እርሺና ነይ።»

«ቤቱ የኔ ነው» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። አልወጣላትም። ወሬ ሲያንሰኝ ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ያሰረቻት እፍረት ትመስለኛለች። የከተማውን ቤት ሁሉ ሰው ያለበት ያስመሰለች ሴት፣ የሷን ሰው የለበትም ብለው ሲያስወጧት ምን ትበል? የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ።

ረፋድ ላይ ደረጃውን ወጣች። በሩን ስትከፍት ልጅየው የከተተው ወረቀት እዚያው ደፉ ላይ ተኝቷል። አነሳችው። ስድስት የጫማ ዱካ ነበረበት፣ ስድስቱም የራሷ። ለሦስት ቀን ረግጣው ወጥታ ረግጣው ገብታለች፣ አላየችውም።

ክፍሏን በዚያ ሰዓት አይታው አታውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠዋት የምትወጣውና ማታ የምትገባው ክፍል፣ ረፋድ ላይ የሌላ ሰው ሆኖ ቆያት። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ማንም እንዳልቀሰቀሰው ያስታውቃል። አቧራው ሳይቸኩል ይወጣል፣ ሳይቸኩል ይወርዳል። ከመድኃኒት ቤቱ ወገን የሬዲዮ ድምፅ ይመጣና መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቃሉ ይጠፋል፣ ዜማው ብቻ ይገባል። የምታንኳኳው በር ያጣች እንግዳ ይመስል በሩ ላይ ቆመች። ቆየትም ብላ ካሜራውን አውጥታ በልማዷ አነጣጠረች።

በካሜራው ውስጥ ያየችው ባዶ ክፍል ነው። እንደ ሆስፒታል የተነጠፈ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ባልዲ፣ የሦስት ዓመት የቆየ የቀን መቁጠሪያ። ካሜራውን ዝቅ አድርጋ በዓይኗ አየች፤ ያው ነው። ሹራብ አላት፣ መነጽር አላት፣ ነጠላ ጫማ አላት፣ ብርጭቆ አላት። ሁሉም ሻንጣው ውስጥ ነው ያለው። የሻንጣው ቀበቶ በእጇ ነው።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ተንኮል ነበር፤ እኔ ብሆንም ሌላ አይመጣልኝም። ይህን ቤት የሚያከራየው የሷ ፎቶ ነው። ፎቶው ካስጠላ የሚመጣ ሰው የለም፤ የሚመጣ ከሌለ የሚወጣ የለም። የመስኮቱን መዝጊያ ገርበብ አደረገች፣ ባልዲውን ወደ ፊት ሳበች፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጋ ከክፉ ጥግ አነሳችው። ሻንጣውን አልከፈተችም። በሕይወቷ ካነሳቻቸው ሁሉ የከፋውን ፎቶ ይዛ ወረደች፤ እኔ በመስኮቴ አይቻታለሁ፣ እንደ ሰረቀ ሰው ነበር የምትራመደው።

ደላላው ፎቶውን አይቶ ራሱን ያዘ።

«ይሄ ምንድን ነው? መጋዘን ነው?»

«ቤቱ ነው።»

«አንቺ ነሽ ያነሳሽው ወይስ ባልዲው?»

«ያለውን ነው ያነሳሁት።»

«ያለውንማ እኔም አነሳለሁ።» ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞረው። «ልጅየውስ እውነቱን ነው። 'ሰው የማይኖርበት ቤት ነው' ሲለኝ ያጋነነ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋን በወር አንዴ ደረጃው ላይ ያገኛታል፣ ሁልጊዜ ሻንጣ ይዛ። መብራት አይበራ፣ ልብስ አይሰጣ፣ ሳቅ አይሰማ። 'እናቴ የተዳረችበት ቤት ነው፣ ሰው ይኑርበት እንጂ፤ ይቺ ሴት አንድ ቀን በዚያው ትቀራለች' አለኝ። ምን ይበል?»

«ምንም» አለች።

«ነገ ሄደሽ እንደገና አንሺው። ሹራቡን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም። አሮጊቷ እናቱ ፎቶውን ሳያዩ ቤታቸውን አይሰጡም አሉ፤ ቁልፉ በሳቸው አንገት ነው ያለው።»

ማክሰኞ ሻንጣውን ይዛ አልወጣችም። እኔም ከወትሮው ሰዓት ጀምሮ ደረጃውን ስጠብቅ ሻዬ ቀዘቀዘ። ጣሪያዬ ላይ መጀመሪያ ውኃ ሲፈስ ተሰማ። ወለሉን እያጠበች ነበር። መጥረጊያው እየተጎተተ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ሄደ። ከዚያ የቀበቶው ዘለበት ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

ሻንጣውን ፈታችው። ሹራቡን በርጩማው ላይ ልትጥል ስትል እንደበረዳት ገባት፣ ለበሰችው። የገዛ ሹራቧ እጅጌ እንዳጠራት ያን ቀን አወቀች። ነጠላ ጫማውን ከማስቀመጧ በፊት እግሯን ከተተችበት። ለፎቶ የተገዛ ጫማ ነው፣ በየሰዉ ቤት ቆሟል እንጂ ተራምዶ አያውቅም፤ ጠፍሩ ገና ደረቅ ነው። አንድ ሁለቴ ተራመደችበት፣ ቆረቆራትና አውልቃ በባዶ እግሯ በእርጥቡ ወለል ወደ መስኮቱ ሄደች። ሻንጣውን ገልብጣ መስኮቱ ሥር አቆመችው፣ ጠረጴዛ ሆነ። ሻይ ቀዳች። በልማዷ ግማሽ ላይ እጇ ቆመ። ከዚያ ሞላችው።

ብርቱካኑን ላጠችው፣ በላችው። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንት ብርቱካን ልጣ ሳትበላ ቀርታለች? መጽሐፉን ከፈተችና መቶ አሥራ ሦስተኛውን ገጽ አነበበች። ታሪኩ እሷ እንዳሰበችው አልነበረም፤ ሞቷል ብላ የተወችው ሰውዬ በሚቀጥለው ገጽ ቁርስ ይበላል። ያን ስታነብ ሳቀች። ከታች ሆኜ ሰማሁት፣ ጣሪያው የሳቀ መስሎኝ ቀና አልኩ።

ብርሃኑ ከወለሉ ተነስቶ አልጋው ላይ ወጣ፣ ከአልጋው ወደ ግድግዳው ዞረ። እሷም ከሱ ጋር በርጩማዋን እያዞረች ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው ቀን ነበርና አልቸኮለችበትም። ውጪ ያለው ሬዲዮ ዘፈኑን ጨርሶ ሌላ ጀመረ፣ ያንንም ጨረሰ። የቀበጠ ንፋስ መጽሐፉን ሁለት ገጽ አሳለፈባት፣ መለሰችው። እንቅልፍም አይደለም፣ መንቃትም አይደለም፤ መስኮቱ ሥር የተኛች ልጅ ጠዋት ላይ ወንድሞቿ ሳይነሱ ለብቻዋ የምታገኛት ያቺ ሰዓት ነበረች። ያቺን ሰዓት ትልቅ ከሆነች ወዲህ አላገኘቻትም ነበር።

ፎቶው ትዝ ያላት ከቀትር በኋላ ነው። ደግማ የቀዳችው ትኩስ ሻይ ግማሽ ደርሷል። ልጨምርበት ብላ ፔርሙዙን ስታነሳ ካሜራውን አየችውና ደነገጠች። ብድግ አለች፣ ሁሉንም እንደነበረ ተወችው። ሹራቡን ሞቋት አወለቀች፣ መነጽሩ መጽሐፉ ላይ ቀረ፣ የብርቱካኑ ልጣጭ ሻንጣው ላይ ክምር አለ። ወለሉን አንዴ ደግማ ረጭታው ስለነበር ከባልዲው እስከ መስኮቱ የእግሯ ዱካ አለ። በሩ ላይ ቆማ አነጣጠረች። በካሜራው ውስጥ ዕቃዎቹን ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ሆኑ። ከአሥራ አንዱ ውሸታሙን ፈለገች፣ አላገኘችውም። አንዱንም ሳትነካ አነሳችው።

ቤቱ አሁን የማይከራይበት ምክንያት እንደሌለ ታውቃለች። ከዚህ የተሻለ ፎቶ አንስታ አታውቅም። እንደዚያም ሆኖ ወስዳ ሰጠችው። ደላላው አቅርቦ አይቶ፣ አርቆ አይቶ «እኔ ራሴ ሚስቴን ትቼ ልከራየው ነው» አለ። እሷ ወጣች። ሠፈሩ ያን ቀን ያለ ሻንጣ ስትገባ አይቷት «ሻንጣዋን አስቀድማ ልካዋለች፣ ጉዞዋ ደረሰ ማለት ነው» አለ። ሠፈር እንዲህ ነው፤ ሻንጣ ብትይዝም ሸኛት፣ ባትይዝም ሸኛት።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ የአሮጊቷ ምራት ናት። ምራት ስለ አማት ስታወራ ግማሹን ቀንሶ መስማት ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሁሉንም ወስጄዋለሁ።

የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ጀምሮ ልጃቸው ጋ ነው ያሉት። ያን ደረጃ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አያምኑም፣ «መስታወቱ ያለውን አልባሌ ያደርገዋል» ይላሉ፤ ስለዚህ ልጅየው የታጠበውን ይዞላቸው ገባ። አፍንጫቸው ድረስ አቀረቡት።

«ይሄ የኔ ክፍል ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«መስኮቱ ነው እሱ። አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል።» ጣታቸውን ፎቶው ላይ እየጎተቱ ሄዱ። «ሻዩ ይጨሳል።»

«ለፎቶ ተብሎ ነው እማዬ። ሰው ያለበት እንዲመስል ዕቃ ያስቀምጣሉ።»

«እና ሰው የለበትም?»

«ያቺ ሴት አለች። በወሩ መጨረሻ ትለቃለች።»

«ሻይዋን ሳትጨርስ?»

«እማዬ፣ የሷ አይደለም እኮ። ፎቶ አንሺዋ ነች ይዛ የመጣችው። ጫማውም የፎቶ አንሺዋ ነው፣ መጽሐፉም።»

«ጫማውን ተወው» አሉ። «እግሩም የፎቶ አንሺዋ ነው?»

ልጅየው አጎንብሶ አየ። እርጥቡ ወለል ላይ ከባልዲው እስከ መስኮቱ የባዶ እግር ዱካ አለ፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ይህች ቤቷን አጥባለች» አሉ አሮጊቷ። «አጥባ ስታበቃ በባዶ እግሯ ሄዳ መስኮቱ ጋ ቆማለች። እኔም እንዲያው ነበር የማደርገው፣ አባትህ ሳይመጣ። ለፎቶ ብሎ እንዲህ የሚቆም የለም። አንተ ሰው የለበትም አላልከኝም?»

«መብራት አይበራም፣ ልብስ አይሰጣም፤ በሄድኩ ቁጥር…»

«በሄድክ ቁጥር ስንቴ ነው? በወር አንዴ ሄደህ ደረጃው ላይ ቆመህ ነው ያየሃት። እኔ ከዚህ ሆኜ አይቻታለሁ።» ፎቶውን ደረታቸው ላይ ገለበጡት። «ሰው ሻዩን ሳይጨርስ አያስነሱትም። ለደላላው ንገረው፣ ቤቱ ሰው አለበት።»

«እማዬ፣ ፎቶ ነው እኮ።»

«ፎቶውንም መልሰህ አትውሰድብኝ።»

ምራትየዋ ይህን ስትነግረኝ «አሁን ያቺን ፎቶ ትራስ ሥር ነው የሚያኖሯት፤ የልጆቼን ፎቶ እንኳ እንደዚያ አያደርጉትም» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ደላላው ለባለሻንጣዋ ነገሩን የነገራት እንደ ኪሳራ ነበር።

«ያ ቤት ቀረ።»

«የቱ?»

«ባለሰማያዊው በር። አሮጊቷ ፎቶውን አይተው 'ሴትዮዋ ሻይዋን አልጨረሰችም' ብለው እምቢ አሉ። ሻዩ ያንቺ ነው ቢሏቸው አልሰማም አሉ። አንቺም አበዛሽው እኮ፤ ቤት አከራዪልኝ አልኩ እንጂ አስከብሪልኝ አላልኩም።»

እሷ የበሩን መቃን ተደገፈች።

«እና ሴትዮዋ?»

«ምን ትሆናለች፣ ትቀመጣለቻ። እንዲያውም አሮጊቷ መልእክት ልከውላታል፤ 'ቀስ ብለሽ ጠጪ በሏት' አሉ። እኔ ደግሞ የት አግኝቼ እነግራታለሁ?»

«ነግረሃታል» አለች።

ደላላው ቀና አለ። ያን ጊዜ ነው ሻንጣ እንዳልያዘች ያየው።

«ሻንጣሽስ?»

«ቤት ነው።»

«የማን ቤት?»

«የኔ ቤት። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ከደረጃው በላይ በስተግራ።»

ደላላው አፉን ከፍቶ ቀረ። ለደላላ ዝምታ ሕመም ነው፤ ሁለት ቀን ታሞ በሦስተኛው ቀን ዳነና ለሠፈሩ ሁሉ አወራው። ከሱ አፍ ሲወጣ አሮጊቷ ፎቶውን አይተው አልቅሰዋል፣ ልጅየውም ተንበርክኳል። እንደዚያ አልነበረም፤ ቢሆንም ደላላውን አላረምኩትም፣ ሁሉም የየራሱን ሹራብ ይጥልበታል።

ባለሻንጣዋ ዛሬም ባዶ ቤት ፎቶ ታነሳለች፤ ስሟም ያው ባለሻንጣዋ ነው። ካሜራዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ሹራቧን ለብሳ ትወጣለች። ሹራቡን የሄደችበት ቤት ወንበር ላይ ታወልቀዋለች። ጫማ የሚያስፈልገው ክፍል ከሆነ ደግሞ የተጫማችውን አውልቃ፣ ግራውን ትንሽ ቀደም፣ ቀኙን ትንሽ ዘወር አድርጋ ታኖርና በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆማ ታነሳለች። ነጠላ ጫማው ከቤት አይወጣም። አሁን ጠፍሩ ለስልሶላታል።

ከቀትር በኋላ ራሴን ደገፍ እንዳደረግሁ ኮቴዋ ጣሪያዬ ላይ ይሄዳል። ከበሩ ይነሳና ወደ መስኮቱ ይመጣል፣ ሲደርስ ይቆማል። ብርጭቆ ሻንጣው ላይ ሲቀመጥ ይሰማኛል። ገጽ ሲገለጥም የምሰማ ይመስለኛል፤ ይህቺን ግን ከራሴ ሳልጨምራት አልቀርም። ከዚያ ብዙ ጊዜ ምንም የለም፤ ብርሃኑ ብቻ በኔም ክፍል ከወለሉ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ ግድግዳው ይዞራል። ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ሲታጠብ ልሰማ እጠብቃለሁ። እስካሁን አልሰማሁም፤ እንቅልፍ ይቀድመኛል።